ወርቄ ጀምራ የጨረሰችው ቦርድ

በዚያ ቅዳሜ ከላርቪክ ከተማ ወዲያ ባለው ባሕር ዳር የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ አስቴር፣ ልጄ ሳሮን፣ መኪናውን የነዱልን ጋሽ ጌታቸው፣ ብርዱን ፈርተው ከመኪናው አልወርድም ያሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ፣ ውሻውን ሊያንሸራሽር የመጣና ስሙን ያልጠየቅነው ኖርዌጂያዊ፣ እንዲሁም ሁላችንን ከኦስሎ ድረስ ያመጣችን ወርቅነሽ። ወርቅነሽ በገዛ እጇ የሠራችው ቦርድም ነበረ። በጋሽ ጌታቸው የዕቃ መኪና ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደ በሽተኛ ተኝቶ ነው የመጣው።

ቦርድ ስል ሰርፍ የሚባለውን ጨዋታ ቦርድ ማለቴ ነው። ሰው ረጅም ሳንቃ በሚመስል ነገር ላይ በሆዱ ተኝቶ ወደ ባሕር ይገባል፤ ማዕበል ሲመጣ ተነሥቶ ይቆምበትና እየተንሸራተተ ወደ ዳር ይመለሳል። የወጣት ጨዋታ ነው። ወርቄ ያን ጊዜ ሃምሳ አምስት ዓመት አልፏት ነበር።

ይህን የምጽፈው ወርቄ ዛሬ አጠገባችን ስለሌለች ነው። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ሳሮን ግን «ማማ፣ እንደምታወሪው ጻፊው፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ» አለችኝ። እንደማወራው እጽፋለሁ።

ከወርቄ ጋር የተዋወቅነው ቢየርቪካ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ቢሮ እናጸዳ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ በመጀመሪያው ቀን «እትዬ ወርቅነሽ» ብዬ ጠራኋት። መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ «አስቱ፣ እትዬ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል። ወርቄ በዪኝ» አለችኝ። ረዥም ናት፣ እጆቿ ትልልቅ ናቸው፤ ስትስቅ ኮሪደሩ ሙሉ ይሰማል። ቁም ነገር ልትናገር ስትል አንድ ጓንቷን ታወልቃለች። ሁለቱም ጓንቶች እጇ ላይ ካሉ የምትናገረው ቀልድ ነው፤ አንዱ ከወለቀ ግን ሥራዬን አቁሜ እሰማታለሁ።

ሊንደበርግና ግሮሩድ በሚባሉት የኦስሎ ሰፈሮች ያለን ሐበሾች ወርቄን «ጀማሪዋ» እንላት ነበር። መንጃ ፈቃድ ጀምራ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ስትደርስ ተወችው። የቋንቋ ኮርስ ጀምራ መጨረሻው ሲቃረብ ቀረች። የኖርዌጂያን ሹራብ መሥራት ጀምራ አንድ እጅጌ እንደጨረሰች አቆመች። «ግድ የለም፣ አንዱን እጄን ካፖርቴ ውስጥ እደብቀዋለሁ» ትል ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሽ ጌታቸው ከሩቅ ያዩዋትና፣ «ወርቄ፣ በዚህ ሳምንት ምን ጀመርሽ?» ይሏታል። ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች።

አንድ ጠዋት ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ባዶ የሳሙና ጠርሙስ ይዛ ቆማ አገኘኋት።

«አስቱ፣ እኔ በዚህ አገር የጨረስኩት ነገር ቢኖር ሳሙና ብቻ ነው» አለችኝ።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እጇን አየሁት፤ አንዱ ጓንት ወልቋል።

«አንድ ነገር ጀምሬ ጨርሼ ማየት እፈልጋለሁ። ለሰው ብዬ አይደለም። ቤቴ ስገባ ለራሴ እንዳላፍር ነው።»

በዚያው ፎቅ አንድ የስብሰባ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል የተሰቀለ የሰርፍ ቦርድ ነበረ። አቧራውን የምትጠርገው ወርቄ ናት። እኔ ብሆን አለፍ አለፍ አድርጌ እተወዋለሁ፤ እሷ ግን ጨርቁን ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የልጅ ጀርባ እንደሚያሽ ሰው፣ ቀስ እያለች ትወርዳለች። «እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚህ ጋ ይሳሳል፤ ዐይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ትለኛለች። አንድ ቀን የቦርዱ ባለቤት የረሳውን ኮምፒውተር ሊወስድ ሲመለስ ይህን ስታደርግ ደረሰባት።

«ከየት ገዛኸው?» አለችው።

«ራሴ ነኝ የሠራሁት» አላት። «ከእሱ በፊት የሠራኋቸውን ግን ጣልኳቸው። አንዱማ ሰምጧል።»

ሰውየው ሲወጣ ወርቄ ጓንቷን አወለቀች።

«ሰማሽ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ነው። አበላሽቶ፣ ደግሞም አበላሽቶ፣ በስተመጨረሻ ሠራው። ጀማሪው ያለውም የለም።»

«ምን ልትዪ ነው?»

«እሠራለሁ ልልሽ ነው።»

«ቦርድ?»

«ያ» አለችኝ፣ አዎ ማለቷ ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እቆምበታለኋ!»

«መዋኘት ሳትችዪ!» አልኳት። «ወርቄ በእመቤቴ፣ የዚህ አገር ውሃ በበጋም ይገድላል።»

«እሱንም እማራለሁ።»

እኔ ፈሪ ነኝ። ሳሮን ትንሽ ልጅ ሳለች ገንዳ ውስጥ እንኳ ውሃው ከደረቷ ሲያልፍ እጮህ ነበር። ስለዚህ ላስቆማት ሞከርኩ። አልሆነም። ካልቆመች ደግሞ ብቻዋን አልተዋትም ብዬ ተከተልኳት።

ወርቄ የምትኖርበት ሕንፃ የውጭ ግድግዳው የሚታደስበት ወቅት ነበር። ሠራተኞቹ ለብርድ መከላከያ ከሚለጥፉት ኢሶፖር፣ ያ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ነጭ ቀላል ነገር፣ የተረፈውን ለምና ወሰደች። ምድር ቤት ያለውን የድሮ የብስክሌት ክፍል እንድትጠቀም የሕንፃው ማኅበር ፈቀደላት። እኔ መስኮት መኖሩን አረጋግጬ፣ የአፍ መሸፈኛ ገዝቼ ገባሁ።

የመጀመሪያው ስሕተታችን እንዲህ ነው። ወርቄ የቢሮውን ቦርድ የለካችው በክንዷና በስንዝሯ ነበር። ሜትር ይዞ የሰው ቢሮ መለካት ሌባ ያስመስላል ብላ ነው። ኢሶፖሩ መካከል ላይ ክር ወጠርንና እሷ በቀኝ በኩል፣ እኔ በግራ በኩል ያዝን። «እዚህ ጋ አንድ ስንዝር ተኩል» ስትለኝ እኔም በስንዝሬ ለክቼ ምልክት አደርጋለሁ። እሷም በስንዝሯ ለክታ ምልክት ታደርጋለች። እየተጫወትን ለካን፣ ቆረጥን፣ ጠረግን። የእሷ እጅ የወንድ እጅ ያህላል፤ የእኔ የልጅ እጅ ነው። አንዳችንም ይህን አላሰብነውም።

አቁመን ያየነው ጋሽ ጌታቸው ሊጎበኙን ሲመጡ ነው። ጋሽ ጌታቸው ዞር ብለው አዩት፣ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ወርቄ፣ የግራ እግር ነው የቀኝ?»

«ምኑ?»

«ጫማው ነዋ! ሌላውን እግር ስትጨርሺ ጥንድ ይወጣዋል።»

ወርቄ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ወደኔ ዞረችና፣ «አስቱ፣ ቀሚስ ስንቆርጥ ጨርቁን ምን እናደርጋለን?» አለችኝ።

«ለሁለት እናጥፋለን።»

«ታዲያ ምን ነክቶን ነው?»

ጋዜጣ አጣብቀን ትልቅ ወረቀት ሠራን፤ የቦርዱን ግማሽ ብቻ በእሷ ስንዝር ለክተን ቆረጥን። ወረቀቱን በሌላ ኢሶፖር ላይ በአንድ በኩል አስቀምጠን አሰመርን፣ ገልብጠን በሌላው በኩል አሰመርን። ከዚያ ወርቄ በካሮት መፈቅፈቂያና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ ታወጣለት ጀመር። ዐይኗን ጨፍና በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ «ወገቡ ጋ ገና ነው» ትልና ትፈቀፍቃለች። ነጭ ፍርፋሪው የማይገባበት ቦታ የለም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ከነጠላዋ ላይ ይረግፋል። «ወርቄ፣ እናንተ ቤት በረዶው በውስጥ ነው እንዴ የሚጥለው?» አሏት ጋሽ ጌታቸው።

ኢሶፖር ብቻውን ይሰበራል። ከላዩ ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ተነጥፎ እንደ ማር የሚወፍር ማጣበቂያ ይፈስበታል፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ማጣበቂያውን ልትገዛ የጀልባ ዕቃ ሱቅ አብሬያት ሄድኩ። ሻጩ ልጅ፣ «ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው?» አላት። ከኋላችን ወጣቶች ቆመዋል። ወርቄ ልጁን አየች፣ ወጣቶቹን አየች፣ የራሷን ካፖርት አየች።

«ለባሌ ጀልባ ነው» አለች።

ባልም ጀልባም የላትም። ልጁ የጀልባ ማጣበቂያ ሰጣት።

ያፈሰሰችበትን ቀን መርሳት አልችልም። ጨርቁን አስተካክላ አንጥፋለች፣ አፋችንን ሸፍነናል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ማጣበቂያው ኢሶፖሩን ሲነካው እሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ መካከሉ ትኩስ ምጣድ ላይ እንዳረፈ ቅቤ መስመጥ ጀመረ። ወርቄ በመዳፏ ልትይዘው ሞከረች፤ እኔ ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኳት። ስንመለስ ያ ሁሉ የለፋችበት ነገር ተጨማዶ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ነበር። ወርቄ መጥረጊያ አምጥታ ክፍሉን ጠረገች። ስታጸዳ ዝም ያለችበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ወሬው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። «ወርቄ፣ የኖኅ መርከብ ሳይዘንብ ሰመጠ አሉ!» አሉ ጋሽ ጌታቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወርቄ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ባቡሩ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የቢሮውን ቦርድ እንደኔ አለፍ አለፍ አድርጋ ትጠርገው ጀመር። እኔም ልቤ ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። ባሕር አትገባም ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስ ባለኝ መጠን ደግሞ አዘንኩ። ይህም እንደ ሹራቡ ቀረ አልኩ።

አንድ ጠዋት አሳንሰር ውስጥ ሳለን ጓንቷን አወለቀች።

«አስቱ፣ ቦርዴን ምን እንደበላው ታውቂያለሽ?»

«ማጣበቂያው ነዋ።»

«ናይ፣ አይደለም። ይሉኝታ ነው። ልጁ እኮ ለምን ሥራ ነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እውነቱን ብነግረው ይሄ ኢሶፖር ይበላል ይለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሰርፍ ማለት አፍሬ ባል ፈጠርኩ፣ ለባሌ ደግሞ ጀልባ ገዛሁለት!» ሳቋ አሳንሰሩን ሞላው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መንጃ ፈቃዱንም እሱ ነው የበላው። ያልገባኝን ልጠይቅ አፈርኩ። ኮርሱንም እንደዚያው። እኔ ጀማሪ ሆኜ አይደለም፣ መጠየቅ አፍሬ ነው» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ይሉኝታ ኢሶፖር ይበላል» የዘወትር አነጋገሯ ሆነ። እኔ ሐኪም ፊት ያልገባኝን ገብቶኛል ብዬ ልነሣ ስል፣ አብራኝ ከመጣች፣ በክርኗ ትጎሽመኝና ይህንኑ ትለኛለች። ተመልሼ ቁጭ እላለሁ። እጠይቃለሁ።

በዚያው ሳምንት ሱቁ ሄድን። ያው ልጅ ነው ያለው፤ ደንበኛም ሞልቷል። ወርቄ መካከል ላይ ቆመች።

«ሰርፍ ቦርድ እየሠራሁ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በኢሶፖር ነው። ባለፈው ለጀልባ ነው ብዬ የወሰድኩት በላብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኢሶፖር የማይበላ ስጠኝ።»

«ለማን ነው ቦርዱ?»

«ለእኔ።»

ልጁ ከላይ እስከ ታች አያት። «ኩልት!» አለ፤ ግሩም ነው ማለቱ ነው። ኤፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ አውጥቶ እንዴት እንደሚደባለቅ አስረዳት። ያልገባትን ደግማ ጠየቀችው። ደንበኞቹ ቆመው ጠበቁ። ማንም አልሳቀም።

አዲሱን ቦርድ የሠራነው በዚህ ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን ያለ ስሕተት አልሆነም፤ ወርቄ ቸኩላ ብዙ ማጣበቂያ በአንድ ጊዜ ስትበጠብጥ ዕቃው ግሎ ጨሰ፣ እኔ ይዤ ወጥቼ በረዶ ውስጥ ተከልኩት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ትንሽ እያልን ሠራን። ከሥሩ የሚገባውን ክንፍ የሚመስል ነገር ከእንጨት መክተፊያዋ ቆረጠችው። ዋናም ተማረች። የሴቶች ሰዓት ላይ ገንዳ ትገባለች፤ እኔ ፎጣዋን ታቅፌ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። ለልጄ እንኳ እንደዚያ አልጸለይኩም።

እንዲህ ሆነን ነው መስከረም ላይ ያ ባሕር ዳር የደረስነው። ማዕበሉ ትንሽ ነው፤ ለኔ ግን ተራራ ነበር። ባሕር ሲገቡ ለብርድ የሚለበሰውን የጎማ ልብስ ተከራይተን ነበርና እኔና ሳሮን ግራና ቀኝ ይዘን ጎተትን፤ ወርቄ በውስጡ «ቀስ በሉ፣ እንደ ጎመን ጨመቃችሁኝ እኮ!» ትላለች። የሕይወት አድን ሰደርያ ላልብሳት ብል፣ እሱን ለብሼ በሆዴ መተኛት አልችልም አለች። ሳሮን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ሰርፉን ትንሽ ሞክራ ስለነበር አብራት ገባች፣ የቦርዱን ጅራት ያዘችላት።

ቦርዱ ተንሳፈፈ። ጋሽ ጌታቸው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

ማዕበል መጣ። ወርቄ ተነሣች፣ የቦርዱ አፍንጫ ወደ ታች ገባ፣ ተገለበጠች። ሌላ መጣ፣ በጎኗ ወደቀች። ሌላ መጣ፣ በጉልበቷ ላይ ቀረች።

«ወርቄ!» ጮኹ ጋሽ ጌታቸው፣ «ስንት ጊዜ ነው የምትጠመቂው? አንዱ ይበቃል እኮ!»

«አንተንም አጠምቅሃለሁ፣ ጠብቅ!»

በሚቀጥለው ማዕበል ግን ወደቀችና ቶሎ አልወጣችም። ቦርዱ ብቻ ብቅ አለ። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። ሳሮን ክንዷን ይዛ ስታወጣት ወርቄ እየሳለች ነበር። «ማማ፣ ስላፕ ኦቭ! ተረጋጊ፣ ደህና ናት!» አለችኝ፤ እኔ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነበር።

«ወርቄ ይብቃሽ» አልኳት። «ሠራሽው፣ ተንሳፈፈ፣ ሁላችንም አየን። ጨርሰሻል!»

አፏ ሰማያዊ ሆኗል። ቦርዱን ተደግፋ ቆማ አየችኝ።

«ቦርዱ ነው እንጂ የተንሳፈፈው እኔ አልቆምኩም። አሁን ወደ መኪናው ብገባ ይሄም እንደ ሌላው ነው።»

ከዚያ ውሻ ይዞ ወደቆመው ሰውዬ ሄደች። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያያት ነበር።

«ሰርፍ ታውቃለህ?» አለችው።

«ያ፣ ትንሽ።»

«እኔ አላውቅም። ምንድነው የማጠፋው?»

ሰውየው የውሻውን ገመድ ለጋሽ ጌታቸው አስያዘና አሸዋው ላይ ተኝቶ አሳያት። ስትተኛ በጣም ወደ ፊት ትጠጋለች፤ ስትነሣ ደግሞ እግሯን ታያለች። ትንሽ ወደ ኋላ ሂጂ፣ ዐይንሽን ባሕሩ ዳር ላይ አድርጊ አላት። ወርቄም አሸዋው ላይ እየተኛች እየተነሣች ሞከረች። «እንዲህ? እንዲህ?» ትለዋለች። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

እኔ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩ። ማዕበሉ መጣ፤ ሳሮን ለቀቀቻት። ወርቄ በእጆቿ ገፋች፣ አንድ እግሯን አመጣች፣ ሌላውንም አመጣች። ጉልበቷ ታጥፎ፣ መቀመጫዋ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ እጆቿ መወልወያ እንደያዘ ሰው ተዘርግተው፣ ቆመች። ዐይኗ እኛ ላይ ነው። ነጩ ቦርድ ሳይዘም፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀጥ ብሎ ወደኛ መጣ። ጸሎቴን የት እንዳደረስኩት ጠፋኝ። እልል አልኩ። ወይዘሮ አልማዝ ከመኪናው ወርደው እልል እያሉ ሮጡ። ውሻው ጮኸ። ጋሽ ጌታቸው የውሻውን ገመድ እንደያዙ፣ ከነጫማቸው፣ ከነሱሪያቸው ውሃው ውስጥ ገብተው «በርቺ! በርቺ እህቴ!» ይላሉ። ወርቄ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በታች እስኪሆን ድረስ ቆማ መጣች። ራሷ ናት ወርዳ የቆመችው፤ አልወደቀችም።

«ጨረስኩት!» አለች።

በመመለሻችን ኦስሎ ስንቃረብ ጋሽ ጌታቸው በመስታወቱ አይተዋት፣ «ወርቄ፣ ቀጥሎ ምን ትጀምሪያለሽ?» አሏት። ያው የድሮው ጥያቄ ነው፤ አሁን ግን መልሱን ለመስማት ነበር የጠየቋት።

«የመንጃ ፈቃዱን ፈተና» አለች።

አለፈች። ከዚያም ኦስሎ ማዕበል የለውም ብላ በሰሜን ጫፍ ወዳለው ሎፎተን ሄደች፤ እዚያ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ አገኘች። ቦርዷን መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስራ፣ ራሷ እየነዳች ነው የሄደችው። በመጀመሪያው ክረምት በረዶ ላይ ቆማ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ላከችልኝ፤ ከኋላዋ ባሕሩ ይታያል። ኮፍያ አድርጊ ብዬ መለስኩላት። በበጋው ደወለች። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራ አለ፤ የምትሠራበትን ቤት ስም ደግሞ አልጠየቅኋትም። ሳሮን «ቁጥር ቀይራ ይሆናል፣ ትደውላለች» ትለኛለች። ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው፤ አልደወለችም።

የእኔ ስልክ ያው ነው፣ አልተቀየረም። በዚያ በኩል የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ወርቅነሽ የምትባል ኢትዮጵያዊት ብታውቁ፣ አስቴር ትጠይቅሻለች በሏት። ደህና መሆኗንም ንገሩኝ።